ቁልፍ ያለው የፒክአፕ ነዳጅ ክዳን፦ የትኛው ይሻላል?

አዋሽ ሰባት አድሬ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር ሳስነሳ የነዳጁ ቀስት ከግማሽ አላልፍ አለ። ማታ አዳማ ላይ ጢም አድርጌ ሞልቼ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ጌጁ ተበላሸ ብዬ ዳሽቦርዱን በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁት። ንቅንቅ የለም። ወርጄ ሳይ የሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ክዳን አፉ ላይ ሰያፍ ተቀምጧል። ከሥሩ ያለው አቧራ በናፍጣ ረጥቦ ጠቁሯል። የኋላው ጎማ አጠገብ ደግሞ ክንድ የምታህል የላስቲክ ቱቦ ወድቃለች። ሰውየው ዕቃውን እንኳ አልሰበሰበም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሃይሉክስ 80 ሊትር ይይዛል። የኔዋ በረጅም መንገድ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ከአዳማ አዋሽ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን የበላችው 12 ወይም 13 ሊትር ነው። የጎደለው ግን 40 ነበር። አንድ ጀሪካን ሙሉ ሄዷል ማለት ነው። ተሰልፌ፣ በቴሌብር ከፍዬ የሞላሁት ናፍጣ፣ ምናልባት በማግስቱ መንገድ ዳር በሃይላንድ ሲሸጥ ውሏል።

ያን ሳምንት በንዴት ገብቼ ቁልፍ ያለው ክዳን ገዛሁ። የመጀመሪያው ያየሁትን፣ ርካሹን። ያ ክዳን ሌባውን አስቀርቶልኛል፤ ነገር ግን ከተሰረቀብኝ ናፍጣ የሚበልጥ ጣጣ አመጣብኝ። እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓይነት ክዳን ቀያይሬያለሁ፤ የጓደኞቼንም መኪና ስፈትሽ ኖሬያለሁ።

ሌባው ማን ነው?

ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። ምክንያቱም ክዳን የሚዘጋው አንድ በር ብቻ ነው።

ሌሊት የሚመጣው የመንገድ ሌባ ቸኩሏል፤ መብራት የለውም፤ ቱቦና ጀሪካን ብቻ ነው የያዘው። እሱን ማንኛውም ደህና ክዳን ይመልሰዋል። ጎን የቆመውን ሌላ መኪና ይሞክራል። ይህን ስል ለጎረቤት መጥፎ እየተመኘሁ አይደለም፤ እውነታው ግን እሱ ነው።

ላቫጆ ወይም ጋራዥ የሚያድር መኪና ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሞተር ቁልፉን ትታችሁ ነው የምትሄዱት። ክዳኑም በዚያው ቁልፍ የሚከፈት ከሆነ ቆለፋችሁ አልቆለፋችሁ ያው ነው።

ሦስተኛው ደግሞ የሚያሳፍረው ነው። የራሳችሁ ሾፌር። ብዙዎቹ ሾፌሮች እንጀራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። የሚቀዳው ግን ሰልባትዮውን መንካት እንኳ አያስፈልገውም፤ ማደያ ላይ ከቀጂው ጋር ተስማምቶ ግማሹን በጀሪካን ማስቀዳት ይችላል። ለዚህ ክዳን መድኃኒት አይደለም። መድኃኒቱ በሞላችሁ ቁጥር ኪሎ ሜትርና ሊትር መጻፍ ነው። በ3 ወር ውስጥ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ደግሞም ከሥር ያለውን አትርሱ። ብዙ የብረት ሰልባትዮዎች ከታች ማፍሰሻ ብሎን አላቸው። የክዳን ቁልፍ ያየ ብልጥ ሌባ 17 ቁጥር የብሎን መፍቻም ሆነ ሌላ ይዞ ከሥር ሊገባ ይችላል። የላስቲክ ሰልባትዮ ከሆነ ደግሞ በስቶ የሚሄድም አለ። ያኔ የናፍጣው ዋጋ ትንሹ ኪሳራ ይሆናል። ስለዚህ ክዳን ገዝቶ መኪናን ጨለማ ቦታ ማሳደር ግማሽ ሥራ ነው። የሰልባትዮው ጎን ወደ ግድግዳ ተጠግቶ ቢቆም ያለ ምንም ወጪ ብዙ ይከላከላል።

ያሉት ምርጫዎች

*ኦሪጅናሉ።* አንዳንድ ፒክአፖች ከፋብሪካ ሲመጡ ክዳናቸው ቁልፍ አለው፤ በሞተር ቁልፉ ይከፈታል። ካለቻችሁ አትጣሏት። ልኩ ልክ ነው፣ ጎማው ጥሩ ነው፣ ትንፋሹ (አየር ማስገቢያው) ለመኪናው የተሠራ ነው። ችግሩ ቢጠፋ መተኪያው ነው። አዲሱ ከራሱ ቁልፍ ጋር ይመጣል፤ በአንድ ቁልፍ ይሁን ካላችሁ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ወስዳችሁ ውስጡን ማስተካከል ይኖርባችኋል። ሌላው ችግር ቀደም ብዬ ያልኩት ነው፦ የሞተር ቁልፉን ያገኘ ሁሉ ናፍጣውንም ያገኛል።

*ከገበያ የሚገዛው፣ የራሱ ቁልፍ ያለው።* አብዛኛው ሰው የሚገዛው ይህን ነው። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ከኦሪጅናል እስከ ፎርጅድ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ሻጩ ሁሉንም «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል። ልዩነቱ ግን ከማሸጊያው ላይ ሳይሆን ከሥራው ነው የሚታየው።

አንደኛው ልዩነት ሲቆለፍ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ቀሽሙ ዓይነት ሲቆለፍ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን በትልቅ ፒንሳ ይዞ በኃይል ለሚጠመዝዘው ሰው መያዣ ሰጠው ማለት ነው፤ ውስጡ ያለው ምላስ ይሰበራል፣ ይከፈታል። ጥሩው ዓይነት ሲቆለፍ የላይኛው ቅርፊት ዝም ብሎ በባዶው ይዞራል። ሌባው ቢያዞር ቢያዞር ምንም አይዝለትም። እኔ ለዚህ ትንሽ ተጨማሪ ብር እከፍላለሁ።

ሁለተኛው፦ አንዳንዱ ለመቆለፍም ለመክፈትም ቁልፍ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሲገጠም ራሱ ይቆለፋል፣ ቁልፍ የሚያስፈልገው ለመክፈት ብቻ ነው። ማደያ ላይ ከኋላችሁ ሃያ መኪና ጥሩምባ ሲነፋባችሁ የትኛውን ትቆልፋላችሁ? ራሱ የሚቆለፈውን ግዙ። የመጀመሪያውን ዓይነት ይዤ ስንት ቀን ሳልቆልፍ እንደሄድኩ ለኔና ለፈጣሪ ይቅር።

ሦስተኛው የቁልፍ ቀዳዳው መሸፈኛ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። አስፋልት ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ላያስፈልገው ይችላል። ፒስታ መንገድ የሚገባ ፒክአፕ ግን ያለ መሸፈኛ በወራት ውስጥ ቀዳዳው በአቧራ ይደፈናል፤ በክረምት ጭቃ ይጨመርበታል። ስፕሪንግ ያላት፣ ራሷ የምትመለስ መሸፈኛ ፈልጉ።

ብረት ወይስ ፕላስቲክ? እዚህ ብዙ አልጨነቅም። ላዩ ፕላስቲክ ሆኖ ውስጡ የብረት ቁልፍ ያለው ጥሩ ክዳን፣ ላዩ ኒኬል የተቀባ ቀሽም ብረት ካለው ይሻላል።

*ብየዳና ጓጉንቸር።* ይህ የኛ አገር ጥበብ ነው። በነዳጁ ትንሽ በር ላይ ማያያዣ ይበየድና ጓጉንቸር ይንጠለጠልበታል። ርካሽ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ሌባ ከሩቅ ሲያየው ይተወዋል። ኦሪጅናሉን ክዳን ስለማይነካ የትንፋሽ ችግርም የለበትም። መጥፎው ብየዳው ራሱ ነው። የነዳጅ መግቢያ አፍ አጠገብ የእሳት ፍንጣሪ እየተረጨ ነው። ቤንዚን መኪና ላይ በፍጹም አላሠራውም፤ ናፍጣም ቢሆን ባዶው ሰልባትዮ ውስጥ ያለው እንፋሎት ነው አደገኛው። ማሠራት የፈለገ በብሎን የሚታሠር ያሠራ። በሩ ቆርቆሮ ስለሆነ ደግሞ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ሲጣመም የቀለምና የቅጥቀጣ ወጪው የናንተ ነው።

ከጋቢና ውስጥ በማንሻ የሚከፈት በር ያላቸው መኪኖች ባለቤቶች «የኔ ይቆለፋል» ይላሉ። ያቺ ምላስ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ በሰከንድ ትከፈታለች። ቁጥር ውስጥ አታስገቧት።

*ወንፊት።* በሰልባትዮው አፍ ውስጥ የሚገባ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ነው። ነዳጅ ይገባል፣ የሌባው ቱቦ ግን አይገባም። ቁልፍ የለው፣ የሚጠፋ ነገር የለው። በትልልቅ የጭነት መኪኖች ላይ የተለመደ ነው። ለፒክአፕ ልኩን ማግኘት ግን ይቸግራል። ሌላው ጉዱ ናፍጣ ሲቀዳ አረፋ ያነሳል፤ ወንፊቱ ሲያዘገየው ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ጠቅ እያለ ያቋርጣል። ቀጂዋ ፊቷን ታጠቁርባችኋለች። እውነቷን ነው።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ቃል። ብዙ አዳዲስ ፎርዶች ጭራሽ ክዳን የላቸውም፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ አፉ ራሱ የሚዘጋ አድርጎታል። ለነሱ የሚሸጠው ክዳን ሳይሆን ቁልፍ ያለው መሰኪያ ነው። ሌላ ቤንዚን ፒክአፕ ካላችሁ ደግሞ ቀጥሎ ያለውን በደንብ አንብቡት፤ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ የቼክ ኢንጂን መብራት ታበራባችኋለች።

ትንፋሽ፦ ጣጣው እዚህ ነው

ሰልባትዮ መተንፈስ አለበት። ናፍጣው ወደ ሞተር ሲሄድ ቦታውን አየር ይተካዋል። አየሩ በየት ይገባል? አንዳንዱ መኪና ለብቻዋ የተሠራች ቀጭን የትንፋሽ ቱቦ አለችው። አንዳንዱ፣ በተለይ አሮጌው፣ በክዳኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ቫልቭ ነው የሚተነፍሰው። የኔዋ ከሁለተኛዎቹ ናት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያ በንዴት የገዛሁት ርካሽ ክዳን ደግሞ ድፍን ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ ዕቃ ጭኜ ወደ ሰመራ ወረድኩ። ሚሌን አለፍ እንዳልኩ መኪናዋ ጉልበት አጣች። ጋዝ ስሰጣት ታንቃለች፤ ስተዋት ትንሽ ትሻላለች። የናፍጣ ፊልተር ነው ብዬ ፀሐይ ላይ ቆሜ ፊልተር ቀየርኩ። 10 ኪሎ ሜትር ሄዳ መልሳ አነቀች። ሁለተኛ ስቆም፣ ናፍጣ ልጨምር ብዬ ክዳኑን ስከፍት «ፉ…ፍፍፍ» አለ፤ ረጅም፣ ወደ ውስጥ የሚስብ ፉጨት። እጄ ላይ ክዳኑ ሲጎተት ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ላላ አድርጌ ሄድኩ። መኪናዋ እንደ ድሮዋ በረረች።

ለምን ቁልቁል ሲሆን ባሰ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ነው። ሸገር ላይ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ሰልባትዮ የሸገርን ስስ አየር ይዞ ነው የሚወርደው። ታች ሲደርስ የውጭው አየር ከብዶ ይጫነዋል። በዚያ ላይ ፖምፓው ናፍጣውን እየሳበ ውስጡን ያጎድለዋል። እስከ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ሙሉውን ልዩነት ይጋፈጣል። ግፊቱ ሲበዛ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ፖምፓውም ያለ አቅሙ ይለፋል።

የቤንዚን መኪና ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ቤንዚን በቀላሉ ይተናል፤ ስለዚህ አዳዲሶቹ መኪኖች እንፋሎቱን በከሰል ማጣሪያ ይዘው ወደ ሞተር ይመልሱታል። የነሱ ክዳን እንፋሎት እንዳያስወጣ ጥብቅ መሆን አለበት፤ ግን ጉድለት ሲፈጠር አየር የሚያስገባ ቫልቭም አለው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች ይህን በኮምፒውተር ይከታተላሉ። ክዳኑ ካስተነፈሰ የብልሽት ኮድ ይወጣል፤ ፒ0455 ትልቅ ማስተንፈስ፣ ፒ0457 የላላ ክዳን። ጋራዥ ሄዶ ብዙ ብር ከመክፈል በፊት ክዳኑን መልሶ ማጥበቅ ነው። መብራቷ ወዲያው አትጠፋም፤ ጥቂት ቀን ትነዳላችሁ።

እንግዲህ ደንቡ፦ አሮጌውን ክዳን ይዛችሁ ሂዱ። ገልብጡት። ውስጡ መሐል ላይ ቀዳዳ ወይም ስፕሪንግ ያላት ትንሽ ቫልቭ ካለች፣ አዲሱም ላይ እንድትኖር። አሮጌው ድፍን ከሆነ አዲሱም ድፍን ይሁን። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

አንድ አስቂኝ ነገር አለ። ከአንድ ዓይነት ሁለት ክዳን አስመጡ። የአንዱን ቁልፍ በሌላው ላይ ሞክሩ። ብዙዎቹ ርካሽ ክዳኖች ይከፈታሉ! አንድ ጊዜ አራት ክዳን ተደርድሮ በአንድ ቁልፍ ሦስቱን ከፍቼ ሻጩ ራሱ ሳቀ። እንዲህ ዓይነቱ ክዳን ቁልፍ የለውም ማለት ነው፤ ጌጥ ነው።

ከዚያ ጎማው። የጎማ ቀለበቱን በጥፍር ጫን በሉት፤ ተመልሶ መነሳት አለበት። ደረቅ፣ የሚያብረቀርቅና ጠንካራ ከሆነ በጥቂት ወር ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀ ጎማ ውኃና አቧራ ይገባል። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው ናፍጣ የሚረጩት። ውኃ የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተር ሲበላ የሚወጣው ብር፣ በጣም ውዱን ክዳን ብዙ ጊዜ ይገዛል። ክዳን ጠፍቶበት አፉን በፌስታልና በጨርቅ ወትፎ የሚሄድ መኪና ባየሁ ቁጥር የማስበው ኢንጀክተሩን ነው።

አገጣጠሙን መኪናው ላይ ሞክሩ፤ በዓይን ግምት አትግዙ። አንዳንዱ አፍ ጥርስ አለው፣ ብዙ ይጠመዘዛል። አንዳንዱ ሁለት ጆሮ ያለው ነው፣ ሩብ ዙር ብቻ ይዞራል። ቁልፍ ያለው ክዳን ከተራው ስለሚረዝም ትንሹ በር አልዘጋ ሊል ይችላል። ገጥማችሁ በሩን ዝጉት። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ እያለም ክዳኑን ለማዞር እጃችሁ እንዲገባ ተመልከቱ። የጓደኛዬ ዲማክስ ፒክአፕ ላይ የገጠምነው ክዳን ሁሉ ነገሩ አሪፍ ሆኖ ቁልፉ ከበሩ ማጠፊያ ጋር ተጋጨ። መለስነው።

ከገጠማችሁ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ቤንዚን ከሆነ ትንሽ «ፍስ» ማለቱ ጤና ነው። ናፍጣ ሆኖ አየር ሲስብ ከተሰማችሁ በማግስቱ መልሱት።

የቱን ልግዛ?

መኪናውን ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነና ኦሪጅናሉ ቁልፍ ያለው ክዳን ከተገኘ፣ እሱን። ሌላ አትድከሙ። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ኪስ።

ሾፌር ያላችሁ ወይም መኪናው ብዙ ጊዜ ላቫጆና ጋራዥ የሚያድር ከሆነ፣ የራሱ ቁልፍ ያለውን፣ በባዶው የሚዞረውን፣ ራሱ የሚቆለፈውን ውሰዱ። ቁልፉን ከሞተር ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አታስሩት፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሾፌሩን ግን መንገድ ላይ ያለ ቁልፍ አትላኩት። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ናፍጣ ያለቀበት ሰው ክዳኑን መስበሩ አይቀርም፤ እኔም ብሆን እሰብረዋለሁ።

የላንድክሩዘር ፒክአፕ ባለቤቶች ትንሽ ወጪ አብዙ። የነሱ ሰልባትዮ እስከ 130 ሊትር ይይዛል፤ የሚጠፋውም በዚያው ልክ ነው። እኔ ብሆን ጥሩ ክዳን ገዝቼ፣ ማፍሰሻ ብሎኑን ደግሞ በተለመደ ቁልፍ በማይፈታ ብሎን አስቀይራለሁ።

አሁን የኔዋ ላይ ያለው ትንፋሽ ያለው፣ መሸፈኛ ያለው፣ በባዶው የሚዞር ነው። አራተኛ ዓመቱን ይዟል። አንዴ ቁልፉ እየከበደ መጥቶ ዘይት ልጨምርበት ስል አንድ ቁልፍ ሠሪ እጄን ያዘኝ። ዘይት አቧራ ይሰበስባል አለ። ከኪሱ እርሳስ አወጣ፣ ቁልፉን ግራና ቀኝ በእርሳሱ አጠቆረ፣ አስገብቶ አሥር ጊዜ አዞረው። እንደ ቅቤ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጋቢናው ውስጥ እርሳስ አይጠፋም።

ቁልፉ ከጠፋ ወይም ውስጡ ከተሰበረ ደግሞ በድሪል አትብሱት። የቤንዚን እንፋሎት በብርድም ይነድዳል፤ የድሪል ብልጭታ ይበቃዋል። ቁልፍ ሠሪ ጥሩ፤ ካልተገኘ ላዩን በፒንሳ ቀስ እያሉ መፈልቀቅ ነው። ክዳኑ ይሞታል። የብረት ስባሪው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ግን አፉ ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉበት።